ለመፍረድ የሚያስቸግር ገጸ ባሕርይ እንዴት ይሠራል? ለታዳጊዎች ፋንታሲ ልብ ወለድ ለምትጽፉ

ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው የሚሰጡኝ ወጣት ጸሐፊዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡብኛል። «ዋናዋ ልጅ ደግ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ አስማትም ታውቃለች። ጠላቷ ክፉ ነው። ጦርነቱም አለ፣ ፍቅሩም አለ። ታሪኩ ግን ልብ አይነካም። ምን ጎደለው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከርሜአለሁ፤ አሁን ሥራውን ከመነሻው እስከ መድረሻው እዚህ ጽፌዋለሁ።

አብዛኞቹ አስቀድመው አንድ ምክር ሰምተዋል፦ ለደጓ ትንሽ ክፋት፣ ለክፉው ትንሽ ደግነት ጨምሩ የሚል። ሞክረውታል፤ አልሠራላቸውም። «ቁጡ ናት፣ ግን ሩኅሩኅ ናት» ብሎ መጻፍ ጠባይ መዘርዘር ነው፤ ዝርዝር አንብቦ የሚጨነቅ አንባቢ የለም። አንባቢ የሚጨነቀው ልጅቷ ብታደርገውም ሰው የሚጎዳበት፣ ብትተወውም ሰው የሚጎዳበት ሰዓት ላይ ስትደርስ ነው። ደረጃዎቹ ሁሉ እሷን ወደዚያ ሰዓት የሚያደርሱ፣ ከዚያም ያደረገችውን ሳይሸፋፍኑ የሚያወጧት ናቸው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ እንይዛለን። ስመኝ 15 ዓመቷ ነው። ላይ አምባ በምትባል የደጋ መንደር ትኖራለች፤ የበረዶ መላሹ የመሪጌታ ይባቤ ደቀ መዝሙር ናት። በረዶ መላሽ በገጠራችን የታወቀ ሰው ነው፤ አዝመራ እንዳይመታ ደመናውን በጸሎትና በአስማት ይመልሳል ይባላል፣ ገበሬውም በእህል ይከፍለዋል። መንደሩንና ሰዎቹን የፈጠርኳቸው ለዚህ መመሪያ ነው፤ በየቦታው የራሳችሁን ታሪክ እየተካችሁ ሂዱ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሁለት ደብተር፤ አንዱ ለገጸ ባሕርያቱ ድምፅ፣ ሁለተኛው ለአስማቱ ሕግ። አትቀላቅሏቸው።
- 30 ያህል ካርድ። የማስታወሻ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ።
- ሦስት ቀለም እስክሪብቶ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ሦስት አንባቢዎች። ታናሽ እህትና ወንድም አይሁኑ፤ እነሱ ወይ ያሞግሷችኋል ወይ ያሾፉባችኋል።
- የታሪኩ ጥሬ ሐሳብ፣ ወይም ያላለቀ ረቂቅ።

ደረጃ 1፦ አስማቱን ዋጋ አስከፍሉት፤ የሚከፍለውንም ወስኑ

በሁለተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሙሉ፦

«አስማቱ … ያደርጋል።»
«ለዚህም … ይከፈላል።»
«የሚከፍለው … ነው።»

የሁሉም ነገር መነሻ ሦስተኛው ነው። ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ ላይ የሚከፍለው አስማተኛው ራሱ ነው፤ ይደክመዋል፣ ነስር ያመጣበታል፣ ዕድሜው ያጥራል። እንዲህ ያለች ልጅ ታሳዝናለች፣ ትከበራለች፤ ለፍርድ ግን አታስቸግርም፣ ምክንያቱም የጎዳችው ራሷን ብቻ ነው። ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን፣ በተለይም እየከፈለ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ ነገሩ ወዲያው ይከብዳል።

ለስመኝ እንዲህ ሞልቼዋለሁ፦ አስማቱ በረዶን ከአንድ ማሳ ላይ ይመልሳል። በረዶው ግን አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም። የሚከፍለው ከወንዙ ማዶ፣ ቆላ በር በምትባል መንደር የሚያርሰው ገበሬ ነው፣ ማን እንደመለሰበትም አያውቅም።

አንድ ተጨማሪ ሕግ አክዬበታለሁ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የሚወጣላቸውን ስም መተተኛ እንዳይሰማው የሚደብቁ ቤተሰቦች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በስመኝ ዓለም ትልቅ በረዶ የሚመለሰው የአንድ ሰው የክርስትና ስም ሲጠራበት ብቻ ነው፤ ስሙ የተጠራበትም ሰው አንድ ነገር ያጣል። ምን እንደሚያጣ እናንተ ወስኑ፣ መጠኑንም ጻፉት። «አንድ ነገር» ብላችሁ በደፈናው ካለፋችሁት በኋላ የምታዛቡት ራሳችሁ ናችሁ።

ጥንቃቄ፦ ሕጉን አንዴ ከጻፋችሁ አትንኩት። በ20ኛው ምዕራፍ ልጅቷን ለማዳን ብላችሁ «ለካ በረዶውን ማቅለጥም ይቻላል» ካላችሁ፣ እስከዚያ የተጨነቀው አንባቢ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ልክም ነው።

ደረጃ 2፦ ለራሷ የምትነግረውን ሰበብ ጻፉ

የገጸ ባሕርይ ፍላጎትና ፍርሃት ይታወቅ የሚለውን ምክር ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ በአንድ በአንድ መስመር ጽፋችሁ እለፉት። ስመኝ የምትፈልገው እናቷን ከዕዳ ማውጣት ነው። የምትፈራው ዋጋ ቢስ ተብላ ወደ ማገዶ ለቀማ መመለስን ነው።

እዚህ ላይ የምትቆዩበት ሌላ ነገር ነው። ሰው ክፉ ሲሠራ «ክፉ እየሠራሁ ነው» አይልም፤ ለራሱ የሚነግራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ለማግኘት ስልካችሁን ክፈቱና በገጸ ባሕርይዋ አፍ እየተናገራችሁ 10 ደቂቃ ቅዱ፤ አንድ የምትወዱት ሰው እንደወቀሳትና እሷ እንደምትመልስለት አድርጋችሁ። መልሳችሁ ስትሰሙት አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስትሉ ታገኙታላችሁ። ሰበቧ ያ ነው።

የስመኝ ሰበብ ይህ ሆነ፦ «እኔ አልላክሁትም፤ መለስሁት እንጂ።»

የገጸ ባሕርይ ዕድገት በዚህ ይለካል። «መጀመሪያ ፈሪ ነበረች፣ በኋላ ደፋር ሆነች» ማለት አይበቃም። ሰበቧ በመጽሐፉ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ መልኩን እየለወጠ መታየት አለበት። በካርዶቹ ላይ ለየብቻ ጻፏቸው፦

- «እኔ አልላክሁትም፤ መለስሁት እንጂ።»
- «የት እንደሚወርድ እኔ አልመርጥም።»
- «ብመርጥም የእኔዎቹን ነው የመረጥኩት። ማን የማይመርጥ አለ?»
- «ባላደርገውስ ኖሮ?»
- «ላክሁት።»

የመጨረሻዋ አንዲት ቃል ናት። ወደዚያች ቃል ለመድረስ ሙሉ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ካርዶቹን ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው፤ እያንዳንዱን ምዕራፍ ስትጽፉ ልጅቷ የትኛው ካርድ ላይ እንዳለች ትመለከታላችሁ። 12 ምዕራፍ ሙሉ አንድ ካርድ ላይ ቆማ ከሆነ፣ ድርጊቱ ቢበዛም ሰውዮዋ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱም ወገን የሚጎዳበትን ምርጫ ሥሩ

ወሩ መስከረም ነው፣ ገብሱ እሸት ይዟል። የላይ አምባ ሰው ክረምቱን ሙሉ በብድር እህል ከርሟል፤ የስመኝ እናት ያለባት ዕዳ 12 ቁና ደርሷል። ከበስተ ምሥራቅ ጥቁር ደመና ተነሣ። ካልመለሰችው ላይ አምባ ትራባለች፣ እናቷም የቀራቸውን አንድ በሬ ታስረክባለች። ከመለሰችው ቆላ በር ላይ ይወርዳል። ቆላ በር ደግሞ የትናየት የምትባል ጓደኛዋ አለች፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ስመኝን አላሻግር ባላት ጊዜ የየትናየት እናት እግሯን አጥበው፣ ቆሎ አቅርበው፣ ስድስት ቀን ከልጆቻቸው ጋር ያስተኟት ቤት ነው።

የራሳችሁን ምርጫ በሦስት ጥያቄ ፈትኑት።

ሀ. በሁለቱም ወገን ስም ያለው ሰው አለ? «ሕዝቡ ያልቃል» የሚለው ለአንባቢ ቁጥር ነው። እግር ያጠቡት እናት ግን ሰው ናቸው።

ለ. አንባቢ ያንን ሰው ከምርጫው በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አግኝቶታል? የስድስት ቀኑን እንግድነት በምርጫው ዋዜማ በትዝታ ካመጣችሁት፣ ለምርጫው ተብሎ የተፈጠረ መሆኑ ያስታውቃል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አስቀምጡት፤ ያኔ አንባቢ ለሌላ ነገር የመጣ ደስ የሚል ትዕይንት መስሎት ያልፈዋል።

ሐ. ሦስተኛው በር ተዘግቷል? አንባቢያችሁ የ15 ዓመት ብልህ ልጅ ነው፤ «ለምን ሰው ወደማይኖርበት ገደል አትመልሰውም?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ቀድማችሁ አስገቡ፦ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ወደ ገደሉ መልሳው ነበር፤ ነፋሱ በመስከረም ስለሚዞር አሁን አይሆንም። በሩን የሚዘጋው የተፈጥሮ ሕግ ወይም የራሷ የቀደመ ጥፋት ቢሆን ይመረጣል። የራሷ ጥፋት ሲሆን የበለጠ ያማል።

ለታዳጊ አንባቢ ስትጽፉ የማይጣስ አንድ ነገር አለ። ምርጫውን የምትመርጠው ልጅቷ ናት። መሪጌታ ይባቤ መጥተው «እንዲህ አድርጊ» ካሏት ጥፋቱም ጽድቁም የሳቸው ሆነ። ያን ቀን መሪጌታ ታመው ይተኙ፣ ወይም መንገድ ይሂዱ፤ በቦታው ካሉ ደግሞ ይጠየቁና ዝም ይበሉ። ዝምታቸው ለብቻው ሌላ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ደረጃ 4፦ ደረጃውን ዝቅ ዝቅ አድርጋችሁ አውርዷት

ማንም ሰው በአንድ ዝላይ ገደል አይገባም። ልጅቷ በ5ኛው ምዕራፍ ደግ ሆና በ6ኛው የሕፃን ስም ብትሸጥ አንባቢ ትቷት ይሄዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ከሆነ፣ «እኔም ብሆን አደርገው ነበር» እያለ አብሯት ይወርዳል፤ ታች ደርሶ ቀና ሲል ነው የሚደነግጠው። የምንፈልገውም ያን ድንጋጤ ነው፣ ምክንያቱም አብሮ ስለወረደ ከላይ ሆኖ ሊፈርድባት አይችልም።

የስመኝ አወራረድ እንዲህ ነው፦

1. በመምህሯ ትእዛዝ ደመናውን ሰው ወደማይኖርበት ገደል መለሰች። ማንም አልተጎዳም፤ መንደሩ እልል አለላት።
2. በሚቀጥለው ጊዜ በረዶው የቆላ በርን ጫፍ ነካው። የአንድ ሰው ባቄላ ተመታ። ሰውየውን አላየችውም፤ በተከፈላት እህል ግን ለእናቷ መድኃኒት ተገዛ።
3. ቆላ በር አፈርሳታ ተቀመጠ። በረዶውን ማን እንደላከ እስኪታወቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠየቃል። ስመኝ እንግዳ ሆና እዚያው አለች። ጥርጣሬው በአንድ መንገደኛ ብረት ቀጥቃጭ ላይ ዞረ። ዝም አለች።
4. የየትናየት ታናሽ ወንድም የክርስትና ስሙን በጆሮዋ ሹክ አላት፣ ስለወደዳት። አልጠየቀችውም ነበር። ግን ያዘችው።
5. የመስከረሙ ደመና መጣ።

በሦስተኛው ላይ ምንም አለማድረጓን አስተውሉ። ለታዳጊ አንባቢ በጣም ቅርብ የሆነው ጥፋት ዝምታ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጓደኛው ያለ ጥፋቱ ሲቀጣ አይቶ ዝም ያላለ ልጅ ጥቂት ነው። አስማት ባይኖረውም ያንን ያውቀዋል። ስለዚህ ከአምስቱ ሁሉ ረጅሙን ትዕይንት ለዚህ ስጡት፤ የጠያቂውን ድምፅ፣ የጥላውን መዞር፣ የቀጥቃጩን እጅ፣ ተራው ወደ እሷ እየቀረበ ሲመጣ የሚሰማትን ሁሉ።

በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አንድ ወደ ላይ የሚመልሳት እርምጃ አስገቡ። ሌሊት ተነሥታ ለቀጥቃጩ ስንቅ ይዛ ትሂድ፣ ልትናገርም ትቃረብ። ቁልቁለት ብቻ ከሆነ መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ልትመለስ ትችል እንደነበር ያየ አንባቢ ግን እስከ መጨረሻው ተስፋ አይቆርጥም።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ የምናብ ዓለማችሁን ከቡዳ እምነት የምትቀዱ ከሆነ፣ ቀጥቃጩን ወይም ሸክላ ሠሪዋን ወደ ጅብ የሚለወጥ ክፉ ፍጡር አታድርጉ። ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤላውያንም በዚህ ስም ተገልለዋል፣ ተንገላተዋል። መጽሐፋችሁን ከሚያነቡት ልጆች መካከል የእነሱ ልጆች አሉ። ወሬውን ማሳየት ትችላላችሁ፤ የሚያምነውን መንደርም ማሳየት ትችላላችሁ። ታሪኩ ራሱ ወሬውን እውነት ካደረገው ግን የበደሉ ተካፋይ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 5፦ ባላንጣዋን በራሷ አንደበት አናግሯት

የስመኝ ባላንጣ እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። የመንደሩ ትልቅ ጎተራ የሳቸው ነው፣ በአራጣ እህል ያበድራሉ፣ የበረዶ መላሹን ደመወዝም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ደብተር ላይ ሦስት ገጽ በ«እኔ» ጻፉላቸው፤ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ሲናገሩ ትክክል የሆነ ነገር ይበሉ። እኔ ስጽፍላቸው እንዲህ አሉ፦ «ጎተራዬ ባይኖር በዚያ ክፉ ቀን ስንቱ ይቀበር ነበር? ያበደርኩትን አስመለስኩ እንጂ የማንንም አልነጠቅሁም። ማዶውን እኔ አላውቀውም። የማዶውን ሰው የማዶው ጎተራ ያብላው።» ስመኝ ለዚህ መልስ ልታጣ ይገባል። መልስ የሚገኝለት ባላንጣ ለምዕራፍ ማሟያ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ሁለት ድርጊት ስጧቸው። አንዱ ማንም የማያይላቸው፣ ለራሳቸውም ውድ የሆነ ደግነት፤ ለምሳሌ ሌሊት በጓሮ በር እየመጡ የሚበሉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች አሉ፣ የልጆቹንም ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም። ሁለተኛው ማብራሪያ የማይሰጥበት ክፋት፤ ለምሳሌ የአንዲት ባልቴት በሬ በዕዳ ተነድቶ ሲወጣ ቆመው ቡና ይጠጣሉ። ሁለቱን አታስታርቁ፣ «የሚያደርጉት ግን ስለ…» ብላችሁም አትግቡ።

በልጅነቷ ስለተበደለች ነው የሚለውን ምክንያት በተቻለ መጠን ራቁት። የተበደለ ሰው ሁሉ በዳይ አይሆንም፤ ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ቤቱ ውስጥ እየተበደለ ያለ ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ከመጽሐፋችሁ «አንተም እንዲህ ትሆናለህ» የሚል ትንቢት እንዲያነብ አልፈልግም።

ደረጃ 6፦ ፍርዱን ለግሡ ተዉለት

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ሀብት እዚህ ነው፣ ሲባክን የማየውም እዚሁ ነው። ቋንቋችን ሰውን ሳያከብር ወይም ሳያቃልል ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም። «አለ» እና «አሉ» መካከል ፍርድ አለ።

ሀ. መጀመሪያ ተራኪውን መርምሩት። ብዙ ረቂቆች ላይ ደጉ ሽማግሌ «ሳቁ»፣ ክፉው ሽማግሌ «ሳቀ» ይባላሉ፤ ሁለቱም 70 ዓመታቸው ነው። ጸሐፊው ሳያውቀው በመጀመሪያው ገጽ ፈርዷል፣ አንባቢም ሳያውቀው ተቀብሎታል። ስለዚህ በአንዱ ቀለም እስክሪብቶ የባላንጣውን ግሦች በሙሉ፣ በሌላው የደጉን መምህር ግሦች አስምሩ። በዕድሜና በማዕረግ እኩል ከሆኑ አነጋገሩም እኩል ይሁን። መሪጌታ ይባቤ «ተቀመጡ» ከተባሉ እትዬ ማንጠግቦሽም «ተቀመጡ» ይባሉ። ባላንጣው ሲከበር አንባቢ ራሱ መፍረድ ይጀምራል።

ለ. ቀጥሎ ንግግሩ። ስመኝ በመጀመሪያ «እትዬ፣ እህሉን ለማን ሊሰጡት ነው?» ትላለች። ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ አንድ ቀን «እህሉን ለማን ልትሰጪው ነው?» ትላለች። ተራኪው «በድፍረት ተናገረች» ብሎ መጨመር የለበትም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፀጥ ሲል ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ አለ። አሮጊቷ የስመኝን ኃይል የፈሩ ቀን የ15 ዓመቷን ልጅ «ይቀመጡ» ይበሏት። በአንድ ቃል ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ልጅቷ ያኔ ደስ ይበላት፤ ደስ ስላላትም ትፈር። ይህን የመሰለ ትዕይንት አክብሮት በግሡ በማይታይበት ቋንቋ ለመጻፍ ገጾች ያስፈልጉ ነበር፣ እኛ ግሡን ብቻ እንለውጣለን።

ሐ. ስም ስታወጡ ተጠንቀቁ። ስሞቻችን ትርጉም አላቸውና ባላንጣውን ጨካኝ በሚያስመስል ስም ከጠራችሁት ገና ሳይናገር አለቀለት። ማንጠግቦሽን የመረጥኩት ሁለት ወገን ስላለው ነው፤ በፍቅር የወጣ ስም ነው፣ ስለ ጎተራ ሲነገር ደግሞ ሌላ ይሰማል።

መ. ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ካላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ወርቁንም ተራኪው አይፍታው። ከተፈታ ትምህርት ቤት ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ጥፋቱ ይቆይ፣ እርቁም ዋጋ ይኑረው

ምርጫው ካለፈ በኋላ ቢያንስ የመጽሐፉ አራተኛ እጅ ይቅር። ብዙዎች በትልቁ ትዕይንት ይጨርሱትና «ጸጸታት» በምትል ቃል ያልፉታል። አንባቢ የሚጠይቀው «ታዲያ አሁንስ?» ነው።

ስመኝ ወንዙን ትሻገር። የተመታውን ማሳ በዓይኗ ትይ፤ የተቀጠቀጠው ገብስ ሲሸት፣ ሕፃኑም ያጣውን ሲፈልግ ትይ። ከዚያ ሽማግሌ ይላክ። በእኛ ልማድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ካሳም ይቆረጣል። ሰይፍ ከመማዘዝ ይልቅ ይህ ለታዳጊ ፋንታሲ እጅግ የተሻለ መጨረሻ ይሆናል፣ ምክንያቱም ኃይል ያላት ልጅ ኃይሏ የማይረዳትን ነገር ማድረግ አለባት። «ላክሁት» የምትለው እዚህ ነው፣ ድንጋዩ ትከሻዋ ላይ ሆኖ።

የየትናየት እናት ወዲያው «ማርኩሽ» አይበሉ። ዝም ይበሉና ወደ ጓዳ ይግቡ። የትናየት ራሷ ይቅርታ አታድርግ፤ ይህን ላታደርግ መብት አላት። ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቁ ጓደኝነቱ ግን ላይመለስ ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጆች ከአዋቂዎች ቀድመው ያውቁታል።

ጥንቃቄ፦ ሁሉም ነገር ጨለማ ሆኖ እንዲያልቅም አትተዉት። ስመኝ በመጨረሻ ልታደርገው የምትችለው አንድ ትንሽ፣ እውነተኛ ሥራ ይኑር። ለምሳሌ በሚቀጥለው ዘር ወቅት ቆላ በር ሄዳ በእጇ ትኮትኩት። ማንም አያመስግናት፤ ትኮትኩት ብቻ።

ደረጃ 8፦ በታዳጊዎች አስመዝኑት

ለሦስቱ አንባቢዎች ረቂቁን ስጡ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለየብቻ አስቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በፈቃዳቸው ቅዱት፦

- እሷን ብትሆኑ ደመናውን ትመልሱት ነበር?
- የቱ ገጽ ላይ ጠላችኋት? የቱ ላይ ታረቃችሁ?
- እትዬ ማንጠግቦሽ ጎረቤታችሁ ቢሆኑ በበዓል ትጠይቋቸው ነበር?

ሦስቱም «አልመልሰውም» ካሉ ሚዛኑ ወደ ማዶው አጋድሏል፤ ላይ አምባ ላይ ያለውን ረሃብ በደንብ አላሳያችሁም። ሦስቱም «እመልሰዋለሁ» ካሉ የየትናየትን ቤት አላስወደዳችሁም። መስተካከል ያለበት ከምርጫው በፊት ያለው ገጽ ነው፤ የምርጫውን ትዕይንት ራሱን አትንኩት። ከተለያዩና ቁጭ ብለው እርስ በርስ ከተከራከሩ ሥራው ሆኗል።

አዘውትሬ የማያቸው ስሕተቶች

«ዛር ይዟት ነው።» ልጅቷ ክፉውን የሠራችው መንፈስ አድሮባት፣ ወይም መተት ተደርጎባት ከሆነ አልመረጠችም፤ ያልመረጠ ሰው ለፍርድም አያስቸግርም። ዛሩን ከወደዳችሁት ይኑር፤ ግን ምን እንደሚያስከፍላት አውቃ ትጥራው።

ሁሉንም እኩል ማጠልሸት። ደጉም ሌባ፣ ክፉውም ሌባ፣ መንደሩም ሌባ ሲሆን አንባቢ የሚይዘው ያጣል። ቢያንስ አንድ ሰው በትክክል ደግ ይሁን። የየትናየት እናት ለዚህ ናቸው፤ የስመኝ ጥፋት የሚታየው በሳቸው ብርሃን ነው።

ስብከት። ሽማግሌ መጥተው «ልጄ ሆይ፣ ሰው ሁሉ…» ብለው የሚናገሩበትን ገጽ ቀድዳችሁ ጣሉት። ታዳጊ ስብከት ከሩቁ ይሸተዋል።

ተራኪው ቀድሞ ይቅር ማለቱ። «ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ከተራኪው አፍ ከወጣ አንባቢ ሥራ ፈታ። ያንን የሚል ገጸ ባሕርይ ይኑር፣ ሌላው ደግሞ ይቃወመው።

ስደተኛ መልክዓ ምድር። ዘንዶው፣ ግንቡ፣ በረዷማው ጫካ ሁሉ ከውጭ ሲመጡ የሥነ ምግባሩም ጥያቄ አብሮ ከውጭ ይመጣል፤ ልጆቹ የማያውቁት ንጉሥ ስለማያውቁት ዙፋን ሲምል ያያሉ። ድንጋይ መሸከምን፣ አፈርሳታን፣ የክርስትና ስምን፣ ዕዳንና ጎተራን ግን አያታቸው ነግረዋቸዋል። በዚህ ስሕተት የገባ ረቂቅ ካላችሁ ሁሉንም ከመጣል ይልቅ ከደረጃ 1 ጀምሩ፦ ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር በምታውቁት መንደር፣ በምታውቁት ሰው ሙሏት፣ ከዚያ የትኛው ትዕይንት ራሱ እንደሚወድቅ ታያላችሁ።